ቀዳዳው ሲዘጋ ደም ስሮቹ ወዴት ይሄዳሉ?

ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያነጋግርዎ ጆሮውና ፀጉሩ ይታያል። አፍንጫው ላይ ሲደርሱ ግን የሆነ ነገር ይጎድላል። ቀጥ ያለው የበር ጠርዝ መሀሉ ላይ ይጎብጣል። ሲያነቡ ከቃሉ መሀል አንድ ሁለት ፊደል ይዋጣል። አንደኛውን ዓይን ሲሸፍኑ ሁሉም ነገር ልክ ነው። እጅዎን ወደ ሌላኛው ሲያዞሩ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። የማኩላ ቀዳዳ፣ ማለትም ዓይን ውስጥ ከኋላ ባለው የሬቲና መሀል ላይ የሚፈጠር ቀዳዳ፣ ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት እንዲህ ነው።

ከዚያ ምርመራ ይከተላል። ዘመናዊ መሣሪያ ባለበት ክሊኒክ ደግሞ አንድ ለየት ያለ ምስል ይታያቸዋል። በጥቁር ላይ የተዘረጋ ነጭ መረብ ነው። መረቡ የደም ስር ነው። ወደ መሀል እየቀጠነ፣ እየተጣመረ ይሄድና ድንገት ያቆማል። መሀሉ ላይ ክብ የሆነ ጥቁር ባዶ ቦታ አለ። ያየው ሰው ሁሉ ወዲያው "ይሄ ነው ቀዳዳው" ይላል።

አይደለም። ያ ጥቁር ቦታ በጤነኛ ዓይንም አለ። በእርስዎም፣ በእኔም አለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት የፈለግኩት ለዚህ ነው። ይህን ምስል በትክክል ማንበብ የሚችል ሰው ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ቀዶ ጥገናውና ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ብዙ ይገባዋል። በስህተት ያነበበው ግን ወይ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ ወይ ያለ ምክንያት ይደሰታል።

ደም ስር የማይገባበት ቦታ

ሬቲና ዓይናችንን ከውስጥ በኩል ከኋላ የሚሸፍን ስስ ሥጋ ነው። ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ማኩላ የምንለው የሬቲናው መሀል ነው። የማኩላው መሀል ደግሞ ፎቪያ ይባላል፤ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ነው። ፊደል የምናነበው፣ የሰው ፊት የምንለየው፣ መርፌ ላይ ክር የምናስገባው በዚህች ነጥብ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሬቲና "እዚያ የሆነ ነገር አለ" ይለናል እንጂ ምን እንደሆነ አጥርቶ አይነግረንም።

ብርሃን ብርሃን ተቀባይ ሴሎቹ ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ በሬቲናው ውስጠኛ ንብርብሮች ማለፍ አለበት። መንገዱ ላይ የደም ስር ካለ ምስሉን ይረብሻል። ስለዚህ ፎቪያ ላይ ተፈጥሮ መንገዱን ጠርጋዋለች። ደም ስሮቹ ዙሪያውን ከበው ይቆማሉ፤ መሀሉን አይረግጡም። ይህ ደም ስር አልባ ስፍራ ወርዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከሰው ሰው ግን በጣም ይለያያል። ፍጹም ጤነኛ ሆኖ የአንዱ ከሌላው እጥፍ ሊሰፋ ይችላል።

ታዲያ መሀል ላይ ያሉት ሴሎች በምን ይኖራሉ? ከኋላቸው ባለው ደም ነው። ከሬቲናው ጀርባ ኮሮይድ የሚባል በደም የተሞላ ንጣፍ አለ። ብርሃን ተቀባዮቹ ኦክስጅናቸውን በዋናነት የሚያገኙት ከእሱ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ ትመለሳለች።

ቀዳዳው እንዴት ይመጣል

የዓይናችንን ሆድ የሚሞላው ቪትረስ የሚባል እንቁላል ነጭ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ነው። አብዛኛው ውሃ ነው። በወጣትነት ከሬቲናው ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ይቀልጣል፣ ይሰበሰባል፣ ከሬቲናውም ይላቀቃል። ይህ በአብዛኛው ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ በሽታም አይደለም። ችግር የሚመጣው ዙሪያው ለቆ መሀሉ አልለቅ ሲል ነው። ቪትረሱ ፎቪያን ይዞ ይጎትታል። በቦታው ካሉት ሁሉ ስሱ ፎቪያ ነው። በመጨረሻ ይተረተራል።

በሽታው በይበልጥ የሚታየው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። ኳስ ወይም ቡጢ ዓይናቸውን የመታቸው ወጣቶችም ሊይዛቸው ይችላል።

አሜሪካዊው የሬቲና ሐኪም ዶናልድ ጋስ የቀዳዳውን ደረጃዎች በ1988 አስቀምጠው ነበር። በ1995 ሐሳባቸውን አሻሻሉት። የተሻሻለው ሐሳብ ውስጥ እስከ ዛሬ የምናመሰግናቸው አንድ ቁም ነገር አለ። ቀዳዳው ሲፈጠር ብርሃን ተቀባዮቹ በአብዛኛው ተቆርጠው አይጠፉም፤ ወደ ዙሪያው ተገፍተው ነው የሚርቁት። መጋረጃ መሀል ለመሀል ሲከፈት ጨርቁ አይጠፋም፤ ወደ ጎንና ጎን ይሰበሰባል። ልክ እንደዚያ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሥጋው ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳውን መዝጋት ቁስልን በጠባሳ ከመሸፈን አይዘልም ነበር። ተገፍቶ ከሆነ ግን ሊመለስ ይችላል። የደም ስር ምስሉ ልዩ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ሥጋው ሲሄድና ሲመለስ ደም ስሮቹም አብረውት ይጓዛሉ። መሬት ሲንሸራተት አጥሩ የት እንደደረሰ አይቶ ስንት ሜትር እንደሄደ ማወቅ ይቻላል። እዚህም እንደዚያው ነው።

ያለ መርፌ ደም ስር ማንሳት

ድሮ የሬቲናን ደም ስር ለማየት ቀለም መውጋት ግድ ነበር። ፍሎረሲን የሚባለው ቢጫ ቀለም በክንድ ይሰጣል። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ዓይን ይደርሳል። ካሜራው ያን ጊዜ ተከታትሎ ያነሳል። ዘዴውን በ1961 ያስተዋወቁት ሃሮልድ ኖቮትኒና ዴቪድ አልቪስ ናቸው፤ ያኔ ኢንዲያና ውስጥ የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። እስከ ዛሬም በጣም ጠቃሚ ነው፤ በተለይ ደም ስር የሚያፈስ ከሆነ። ግን አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል። ቆዳና ሽንት ለጊዜው ቢጫ ይሆናሉ። እጅግ አልፎ አልፎም ከባድ አለርጂ ያስነሳል። በተጨማሪም ጥልቅ ያሉትን ደም ስሮች ከላይኞቹ ለይቶ አያሳይም።

በ1991 ኦሲቲ የሚባለው መሣሪያ መጣ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ነው። የሬቲናን ንብርብር እንደ ተቆረጠ ኬክ ከጎን ያሳያል። በድምፅ ምትክ ብርሃን የሚጠቀም አልትራሳውንድ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ዛሬ የማኩላ ቀዳዳ የሚረጋገጠውም፣ ስፋቱ የሚለካውም በዚህ ነው።

ኦሲቲ አንጂዮግራፊ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ሐሳቡ ሲገባችሁ ደስ ይላል። አንድ ግድግዳ ላይ ጉንዳን እየሄደች ነው እንበል። ግድግዳውን አከታትላችሁ አራት ጊዜ ፎቶ አነሳችሁ። አራቱን ፎቶዎች ብታነጻጽሩ ግድግዳው ያው ነው። የተለወጠው ጉንዳኗ ያለችበት ቦታ ብቻ ነው። ያልተለወጠውን ሁሉ ብታጠፉት የሚቀራችሁ የጉንዳኗ መንገድ ነው። መሣሪያው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሬቲናው ላይ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ያነሳል። ሥጋው አይንቀሳቀስም። በደም ስር ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ቀይ የደም ሴሎች ናቸው። የተለወጠውን ብቻ ይዞ ካርታ ያወጣል።

ስለዚህ መርፌ የለም፣ ቀለም የለም። አገጭን አስደግፎ አንድ ነጥብ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ማየት ነው። ካርታውን በንብርብር ከፍሎም ያሳያል። ከላይ ያለው መረብ ለብቻ፣ ጥልቁ መረብ ለብቻ፣ ከኋላ ያለው የኮሮይድ ደም ለብቻ።

ግን ከራሱ ከአሠራሩ አንድ ነገር ይከተላል። መሣሪያው የሚያየው እንቅስቃሴን ነው። ደሙ በጣም ዝግ ብሎ የሚሄድ ከሆነ አይታየውም፤ ደም ስሩ እያለ ካርታው ላይ ይጠፋል። በተቃራኒው ታካሚው ዓይኑን ትንሽ ካነቃነቀ ግድግዳውም አብሮ "ተንቀሳቀሰ" ማለት ነው። ያን ጊዜ ካርታው ላይ ነጫጭ መስመሮች ይሰነቀራሉ። የማኩላ ቀዳዳ ያለበት ሰው ደግሞ እንዲያይ የሚነገረውን ነጥብ የሚያይበት ቦታ ራሱ ነው የተቀደደው። ነጥቡን ሲፈልግ ዓይኑ ይባዝናል። ምስሉ ደጋግሞ ቢነሳ አይገርምም፤ ታካሚውም ጥፋተኛ አይደለም።

ከቀዶ ጥገና በፊት

ቀዳዳ ያለበት ዓይን ሲነሳ በብዛት የሚታየው መሀሉ ያለው ጥቁር ቦታ ሰፍቶ ነው። ምክንያቱን አስቀድመን ጠቅሰነዋል። ሥጋው ወደ ዙሪያ ሲገፋ ደም ስሮቹን ይዟቸው ሄዷል። ደም ስር ሞቶ አይደለም።

ይህን ደግሜ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ምስሉን ከስኳር በሽታ ምስል ጋር የሚያምታቱ ሰዎች አሉ። ስኳር ያጠቃው ሬቲና ላይም ጥቁሩ ቦታ ይሰፋል። እዚያ ግን የሚሰፋው ቀጫጭኖቹ ደም ስሮች ስለሚዘጉ ነው። ጠርዙ ይበጣጠሳል፣ ይቆራረጣል። በማኩላ ቀዳዳ ደም ስሮቹ አሉ፤ ወደ ውጭ ተገፍተዋል እንጂ። ሁለቱ ምስሎች ላይ ላዩን ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ትርጉማቸው ግን በጭራሽ አይገናኝም።

ሌላው የሚታይ ነገር ጥልቁ መረብ ላይ ነው። በቀዳዳው ከንፈር ዙሪያ ሬቲናው ያብጣል፤ ውስጡ ፈሳሽ የቋጠሩ ትንንሽ ክፍተቶች ይፈጠራሉ። ጥልቁ የደም ስር መረብ የሚያልፈው በዚሁ ሰፈር ነው። ክፍተቶቹ ደም ስሮቹን ገፍተው ያጣምሟቸዋል። በካርታው ላይ ክፍተቶቹ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ፤ አንዳንዴ የአበባ ቅጠል ተደርድሮ ይመስላል። ቁጥር የሚያወጣው ሶፍትዌር እነዚህን ጥቁር ነጠብጣቦች "ደም የሌለበት" ብሎ ሊቆጥራቸው ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገና በፊት የጥልቁ መረብ ጥግግት ቀንሶ ቢነበብ ደም ስር ጎደለ ብሎ መደምደም አይቻልም። ከፊሉ የእብጠት ጥላ ነው።

ሶፍትዌሩ ሌላም ችግር አለበት። "ላይኛው ንብርብር ከዚህ እስከዚህ፣ ጥልቁ ከዚህ እስከዚህ" ብሎ የሚከፍለው የሬቲናውን ድንበሮች ፈልጎ ነው። መሀሉ የተቀደደና ከንፈሩ ያበጠ ሬቲና ላይ ድንበሩን ይስታል። ልምድ ያለው ባለሙያ የመሣሪያውን መስመሮች አንድ በአንድ አይቶ በእጁ ያስተካክላቸዋል። ያልተስተካከለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ አስተያየት ላይ እኔ እምነት የለኝም።

ቀዶ ጥገናው ባጭሩ

እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ የማኩላ ቀዳዳ አይታከምም ይባል ነበር። በ1991 ኒል ኬሊና ሮበርት ዌንደል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ52 ዓይኖች ላይ የሠሩትን አሳተሙ። 58 በመቶው ተዘጋ። ዛሬ ለብዙዎቹ ቀዳዳዎች ውጤቱ ከ90 በመቶ በላይ ነው።

ሐኪሙ ዓይን ነጩ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሚያህሉ ቀዳዳዎች ይገባል። የሚጎትተውን ቪትረስ ቆርጦ ያወጣል። ከዚያ ከሬቲናው ገጽ ላይ እጅግ ስስ የሆነውን ውስጠኛ ሽፋን በሰማያዊ ቀለም ነክሮ በጥቃቅን መቆንጠጫ ይላጠዋል። ጀርመናዊው ክላውስ ኤካርትና ባልደረቦቹ በ1997 ያሳወቁት ይህ መላጥ ውጤቱን በጣም ከፍ አድርጎታል። ሽፋኑ ሬቲናውን ወጥሮ የሚይዝ ነገር ነው። ሲነሳ ሬቲናው ይላላል፤ ወደ መሀል ለመምጣትም ይቀለዋል። ለሰፋፊ ቀዳዳዎች ደግሞ ሽፋኑን ጨርሶ ከማውጣት ይልቅ ቀዳዳው ላይ ገልብጦ ማልበስ አለ። ይህን በ2010 ያሳወቁት ፖላንዳዊቷ ዞፊያ ሚካሌቭስካና ባልደረቦቿ ናቸው።

መጨረሻ ላይ ዓይኑ በጋዝ ይሞላል። ጋዙ ቀዳዳውን ከፈሳሽ ጠብቆ ያደርቀዋል። ሰውየው ለተወሰኑ ቀናት በግንባሩ እንዲደፋ የሚነገረውም ለዚህ ነው፤ የጋዙ አረፋ ወደ ላይ ስለሚወጣ ማኩላው ላይ እንዲያርፍ ነው። ለስንት ቀን እንደሆነ እንደ ቀዳዳው ስፋትና እንደ ሐኪሙ ይለያያል። ጋዙ ዓይን ውስጥ እያለ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው። ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ሲቀንስ ጋዙ ይሰፋል። የዓይን ግፊት ተተኩሶ ይወጣል፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ለሌላ ሕመም ማደንዘዣ የሚሰጥዎ ሰው ካለም ዓይንዎ ውስጥ ጋዝ እንዳለ አስቀድመው ይንገሩት። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው የማደንዘዣ ጋዝ ተመሳሳይ አደጋ አለው።

ጋዙ እስኪጠፋ ድረስ ጥራት ያለው የደም ስር ምስል ማንሳት አይቻልም። እንደ ጋዙ ዓይነት ይህ ከ2 ሳምንት እስከ 2 ወር ይፈጃል።

ከቀዶ ጥገና በኋላ

አሁን ወደ ርዕሱ ጥያቄ ደረስን።

ቀዳዳው ተዘግቶ ምስሉ እንደገና ሲነሳ ጥቁሩ ቦታ ከበፊቱ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ተገፍተው የነበሩት ተመለሱ። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ቦታ የሚያንሰው ከቀዶ ጥገናው በፊት ከነበረው ብቻ አይደለም። ከሰውየው ጤነኛ ሌላ ዓይን ጋር ሲነጻጸርም ያንሳል። ሁለቱ ዓይኖቻችን በተፈጥሮ በዚህ ነገር እጅግ ተቀራራቢ ስለሆኑ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። ታዲያ ደም ስሮቹ ቤታቸው ደርሰው አላቆሙም፤ አልፈው ሄደዋል።

ለምን? የሬቲናው ሥጋ ቀዳዳውን የሚዘጋው ከዙሪያው ተጎትቶ ነው። የሬቲናው ደጋፊ ሴሎች ጠርዝና ጠርዙን እንደ ክር ስበው ያገናኛሉ። ስስ ሽፋኑ ስለተላጠም ወጥሮ የሚያቆመው ነገር የለም። ሙሉው ማኩላ ጥቂት ወደ ዓይን ነርቭ መውጫ፣ ማለትም ወደ አፍንጫ በኩል፣ ሸርተት ይላል። ቀድሞ ከፎቪያ ዙሪያ ቆመው የነበሩት ደም ስሮች በዚህ እንቅስቃሴ ወደ መሀል ይጠጋሉ። ለውጡ በአንድ ቀን አያልቅም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዋናው ይሆናል፤ ከዚያ እየረጋ ይሄዳል።

ጥቁሩ ቦታ መጥበቡ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? በራሱ ሁለቱንም አይደለም። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሰዎች ብዙዎቹ በተፈጥሮ በጣም ጠባብ ደም ስር አልባ ስፍራ አላቸው፤ ከእነሱ መካከል በደንብ የሚያዩ አሉ። ስለዚህ "ከበፊቱ ጠበበ፣ እንኳን ደስ አለህ" ብሎ ነገር የለም። "ከሌላው ዓይን አነሰ፣ ተበላሸ" ማለትም ስህተት ነው። ምስሉ የሚነግረን ሥጋው ምን ያህል እንደተጓዘ ነው።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የደም ስር ጥግግት የሚባለው ቁጥር ነው። በመቶኛ ይጻፋል። ከዚህ ቦታ ስንት በመቶው በደም ስር ተሸፍኗል ማለት ነው። ሪፖርት ላይ ከቀዶ ጥገና በኋላ "ጥግግቱ ጨመረ" ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው አዲስ ደም ስር የበቀለ ወይም ደም የበዛ ይመስለዋል። ግን እስቲ እናስበው። አንድ መረብ ዘርግታችሁ ክሮቹን ብትቆጥሩ የሆነ ቁጥር ታገኛላችሁ። ያንኑ መረብ ወደ መሀል ሰብሰብ ብታደርጉት በዚያው ስፋት ውስጥ ብዙ ክር ይኖራል። አንድም ክር አልጨመራችሁም። ቀዳዳ ሲዘጋ የሚሆነው በከፊል ይኸው ነው። በዚያ ላይ እብጠቱ ሲጠፋ ጥቁር ነጠብጣቦቹም አብረው ይጠፋሉ፤ ቁጥሩን ያ ብቻውን ከፍ ያደርገዋል። እውነተኛ የደም ፍሰት መሻሻል የለም እያልኩ አይደለም። ከሌሎቹ ምክንያቶች ለይቶ ማውጣት ግን ከባድ ነው።

በተቃራኒው የሚያስደነግጥም አለ። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ አብዛኛው የራሱ ሌንስ ያለው ሰው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ የዓይን ሞራ ይይዘዋል። ሞራ ብርሃኑን ስለሚያደበዝዝ መሣሪያው ቀጫጭኖቹን ደም ስሮች ይስታቸዋል። በሰባተኛው ወር ጥሩ የነበረው ቁጥር በዓመቱ ወርዶ ይገኛል። ደም ስሩ ግን ያው ነው፤ መስኮቱ ነው የቆሸሸው። ሞራው ሲወጣ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። ምስሉ ጥግ ላይ የጥራት ወይም የሲግናል ጥንካሬ የሚል ቁጥር አለ። ሁለት ምስሎችን ከማነጻጸር በፊት እሱን ማየት ይገባል።

ሽፋኑ በተላጠበት ቦታ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ የሬቲናው ገጽ ላይ ትንንሽ ስርጉድ ስርጉድ ያሉ ምልክቶች ሊታዩ ይችላሉ። የነርቭ ክሮቹን አቅጣጫ ተከትለው ይሰለፋሉ። ስማቸው ሲነበብ ያስፈራል፤ አብዛኛው ታካሚ ግን በእይታው ላይ ምንም አይሰማውም።

እይታስ?

ሁሉም ሰው ማወቅ የሚፈልገው ይህን ነው፤ ትክክልም ነው። ካርታው ከቀዶ ጥገና በፊት አይቶ "እይታህ ይመለሳል" ሊል ይችላል?

በዚህ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ በጥቂት አሥር ዓይኖች ላይ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። አንዳንዶቹ በጥልቁ መረብ ወይም በደም ስር አልባው ስፍራና በእይታ መካከል ዝምድና አግኝተዋል። ሌሎቹ አላገኙም። ያዙልኝ ያልኳት ነገር አሁን ትመለሳለች። ለማንበብ የሚያገለግሉት ብርሃን ተቀባዮች የሚመገቡት ከኋላ ካለው ኮሮይድ ነው፤ ካርታው ላይ ከሚታየው የሬቲና መረብ አይደለም። መረቡ አምሮ የሴሎቹ ንብርብር ካልተጠገነ እይታ አይመለስም። መረቡ ወደ መሀል ተጨናንቆ ሴሎቹ በደንብ ከተሰለፉ ደግሞ ሰውየው ያነባል።

ታዲያ ከኋላ ያለውን የኮሮይድ ደም ለምን አናይም? ይታያል፤ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀዳዳው ባለበት ብርሃኑ ያለ ሽፋን ይገባል፣ ያበጠው ከንፈር ስር ደግሞ ጥላ ያጠላል። አንዱ ቦታ ከሌላው ያነሰ ደም ያለው የሚመስለው በዚህ ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያሉት ደም ስሮችም ጥላቸውን ታች ጥለው እዚያ ያሉ ይመስላሉ።

ስለ እይታ የበለጠ የሚናገረው ተራው ኦሲቲ ነው። ከቀዶ ጥገና በፊት የቀዳዳው ስፋት ትልቅ ቦታ አለው። በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ አከፋፈል እስከ 250 ማይክሮን ያለውን ትንሽ፣ ከ250 እስከ 400 ያለውን መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ትልቅ ይለዋል። አንድ ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊ ሜትር ነው። ትንሹ በቀላሉ ይዘጋል። ቀዳዳው የቆየበት ጊዜም ወሳኝ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ደግሞ የሚታየው ብርሃን ተቀባዮቹ የሚሠሩት ቀጭን መስመር ነው። መስመሩ በወራት ውስጥ ከዳር ወደ መሀል እየተቀጠለ ይመጣል። ተቆርጦ የነበረው መስመር ሲገናኝ እይታም አብሮ ይሻሻላል። ይህ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ በሦስተኛው ወር ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

የደም ስር ምስሉ ታዲያ ከንቱ ነው? በፍጹም። ሌላ ችግር አብሮ መኖሩን ያሳያል። የተዘጋ የሬቲና ደም ስር፣ የስኳር ጉዳት፣ ወይም ከሬቲናው ስር የበቀለ መጥፎ ደም ስር ካለ ሐኪሙ ዓይን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቢያውቀው የሚናገረው ተስፋ እውነተኛ ይሆናል። ተመራማሪዎችም ስስ ሽፋኑን ምን ያህል ስፋት መላጥ እንደሚበቃ የሚመዝኑት ከዚህ ምስል በሚያገኙት ልኬት ጭምር ነው። ሽፋኑ በሰፊው ሲላጥ ሥጋው ምን ያህል ይጓዛል? በጠባቡ ሲላጥስ? ደም ስሮቹ የሚቆጠሩ ምልክቶች ስለሆኑ መልሱን በማይክሮን ይሰጣሉ።

ሁለት ምስል ሲይዙ

በፊትና በኋላ የተነሱ ሁለት ምስሎች እጅዎ ላይ ካሉ ከሁሉ በፊት በአንድ መሣሪያ መነሳታቸውን ይጠይቁ። የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች ንብርብሩን የሚከፍሉበት መንገድ ይለያያል፤ ቁጥሮቻቸው አይወዳደሩም። የተነሳው ስፋትም አንድ መሆን አለበት። 3 በ3 ሚሊ ሜትርና 6 በ6 ሚሊ ሜትር ጎን ለጎን አይቀመጡም። የትኛው ንብርብር እንደሆነ ምስሉ ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

የዓይን ርዝመትም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። ቅርቡን እያየ ሩቁን አጥርቶ ማየት የማይችል፣ ለሩቅ ጠንከር ያለ መነጽር የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ብዙ ጊዜ ረዘም ያለ ነው። መሣሪያው ግን ሁሉንም ዓይን እንደ አማካይ ርዝመት ቆጥሮ ነው ሚሊ ሜትሩን የሚያሰላው። የዚያ ሰው ጥቁር ቦታ እውነተኛ ስፋት ከተጻፈው ይበልጣል። የራሱን ዓይን ከራሱ ዓይን ጋር ሲያነጻጽር ችግር የለውም። ከጎረቤቱ ጋር ሲያነጻጽር ግን ይሳሳታል።

ደግሞም ይህ መሣሪያ በሁሉም ቦታ የለም። የሌለበት ክሊኒክ የሚታከም ሰው የጎደለበት ነገር ያለ ይመስለው ይሆናል። ቀዳዳውን ለማረጋገጥም፣ ቀዶ ጥገናውን ለመወሰንም ተራው ኦሲቲ ይበቃል። ቀዳዳ እያደር ይሰፋል፣ በቆየ ቁጥርም የሚመለሰው እይታ ይቀንሳል። የደም ስር ምስል እስኪገኝ ተብሎ የሚገፋ ቀጠሮ ካለ ሐኪሙን "ምስሉ ከሌለ ቀዶ ጥገናው መሠራት አይችልም ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለአብዛኛው ሰው መልሱ "ይቻላል" ነው።